በጭጋግ ወር ጓዝ ሲነሳ

ቦስኬቶ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1954

አልቺዴ ሆዴ፣

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። መጀመሪያ የጠየቅኸኝን ልመልስና ከዚያ እወቅስሃለሁ። አዎ፣ የእጅ ጽሑፌ ተበላሽቷል። "ዶሮ የተራመደችበት ይመስላል" ማለትህ አላስቀየመኝም ብልህ ግን መዋሸት ይሆንብኛል። ብርዱ ነው። ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ያብጡና ብዕሩን እንደ አካፋ ነው የምይዘው። ሌላ ነገር የለም። አንተ የኔን ጣት ትተህ የራስህን ሳንባ አስታም።

የእርሻው ጌታ ሲኞር ቦልዶሪ ቤት መጥቶ እንደሆነ ጠይቀሃል። መጥቷል። ባርኔጣውን አውልቆ ገባ፣ ከአባትህ ጋር ስለ አየሩ አወሩ፣ ጤናህን ጠየቀ፣ ወጣ። የቀዳሁለትን ወይን አልጨረሰውም። ይኸው ነው።

ስለ ጭጋጉ ጻፊልኝ ያልከኝ ግን አልገባኝም። ሰው ተራራ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ጭጋግ ይናፍቃል? ሐኪሞቹ የሚሰጡህን መድኃኒት ጠይቅልኝ። እሺ፣ ከፈለግኸው እነሆ። ሰኞ ዕለት ከወንዙ በኩል መጣ። መቼ እንደሚሄድ እንደማይናገር እንግዳ ገብቶ ተቀመጠ። ከግቢው ማዶ ያለው በረት የለም። ጣሪያው የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚደወል ይመስላል። ልብስ ካጠብኩ ሳምንት ሆነኝ፣ ምድጃው ላይ ተሰቅሎ እስካሁን ይንጠባጠባል። ዳቦው ሻገተ። ጭቃው ጫማ ይዞ አይለቅም። ኖርማ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከደጃፉ ራቅ እንዳለች ትጠፋብኛለች፤ ስለዚህ እየዘፈንሽ ሂጂ ብያታለሁ። ዘፈኑ እስኪያልቅ በሩ ላይ እቆማለሁ።

አንድ ነገር ግን ልመን። በዚህ ወር ሰው ሁሉ ጨዋ ይሆናል። መንገድ ላይ የሚመጣው ማን እንደሆነ ስለማይታይ ሁሉም አስቀድሞ ስሙን ጠርቶ ሰላም ይላል። በጋውን ሙሉ ፊቷን ስታዞርብኝ የከረመችው ቼዚራ ትናንት ከጭጋጉ ውስጥ "ቼዚራ ነኝ፣ እንደምን ዋልሽ፣ ማነሽ?" አለችኝ። "ዲርቼ ነኝ" ስላት የጫማዋ ድምፅ ፈጠነ። ሰላምታው ግን አንዴ አምልጧት ነበር።

አባባ ደህና ናቸው። ለልጄ በዪልኝ ያሉት ብዙ ነው፤ አብዛኛው ስለ ዶሮዎቹ ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ዲርቼ


ከተራራው፣ ኦክቶበር 29 ቀን 1954

ዲርቼዬ፣

ትበላለህ ወይ ላልሽው፣ እበላለሁ። መነኩሲቶቹ ሳህኑን ባዶ ካላዩ ከአጠገቤ አይሄዱም። ደሙን በተመለከተ፣ ከሴፕቴምበር ወዲህ የለም። ሳል አለ። ሌሊት ከማን ጋር እንደማወራ ጠይቀሻል፤ ከሮኮ ጋር ነው፣ አልጋችን ጎን ለጎን ነው። ከታች ከደቡብ ነው የመጣው፣ ልብስ ሰፊ ነው፣ ተወልዶ ያደገው የባሕር ውሃ ከሚረጨው ቤት ውስጥ ነው። ጭጋግ አይቶ አያውቅም። ደብዳቤሽን አነበብኩለት።

"ጭስ ማለት ነው?" አለኝ።

"አይደለም፣ ጭስ ያስለቅሳል። ይሄ ዝም ያሰኛል" አልኩት።

"ሚስትህ ብትሸጥልኝ ጥቂት እገዛት ነበር" አለ።

እኛን ጠዋት ጠዋት በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሰገነቱ ላይ ያስተኙናል። ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች። ቁልቁል ስታዪ ግን ሸለቆው በሙሉ ነጭ ነው። አሁን የታለበ ወተት አረፋው ሳይወርድ ባልዲ ውስጥ እንዳለ አድርገሽ አስቢው። ሌሎቹ በሽተኞች እያዩ "እነዚያ ምስኪኖች ከዚያ ስር ናቸው" ይላሉ፣ ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን ቤቱ ተቆልፎበት ውጭ የቀረ ሰው ነው የምመስለው። ከዚያ ነጭ ስር እኮ አንቺ አለሽ። ምድጃው አለ። ያ የጭቃ ሽታ፣ ያ ቀኑን ሙሉ የማይነጋ ንጋት፣ ሰው ገብቶ ካፖርቱን ሲያራግፍ የሚወርደው ውሃ። በጤናዬ ስሳደብበት ኖሬ አሁን ናፈቀኝ።

ዋናው ሐኪም ፕሮፌሰሩ ሰኞ ወደ ቢሮው ጠርቶኝ ነበር። ስለ አየሩ አወራን።

ለቅዱስ ማርቲን ከቦስኬቶ ማን ማን ነው ጓዙን የሚያነሳው? እዚህ ያሉት የከተማ ሰዎች ሲጠይቁኝ ማስረዳት አቃተኝ። የእርሻ ውል ሁሉ የሚያልቀው በዚያ ቀን፣ በኖቬምበር 11፣ እንደሆነ፣ ውል ያልታደሰለት በዓመቱ ክፉ ሳምንት አልጋውን ጋሪ ላይ ጭኖ ወደማያውቀው ቤት እንደሚሄድ ስነግራቸው "ለምን በሜይ አይሆንም?" አሉኝ። በሜይ ማን ሰው ያባርራል፣ በሜይ ሥራ አለ እኮ። እኔ በልጅነቴ ያየኋቸውን ቤቶች ሁሉ የማስታውሳቸው በጭጋግ ውስጥ ነው።

ስሜሻለሁ። አባቴን ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው በይልኝ፣ ደስ ይበለው።

አልቺዴ


ቦስኬቶ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1954

አልቺዴ ሆዴ፣

ትናንት የሙታን ቀን ነበር። አባባ ያደረጉትን ልነግርህ ብዕር አንስቼ ብዙ ቆየሁ፤ ምክንያቱም ሌላ ነገር ሳልነግርህ ይህን ልነግርህ አልችልም። ይህን ግን ካልነገርኩህ ደግሞ ማን ይስቅልኛል። ስለዚህ ሁለቱንም ስማ፣ ግን ተጋድመህ ስማ።

እንደ ሁልጊዜው ንጹሕ ውሃ በባልዲ ቀድተን ወጥ ቤት አስቀመጥን፣ ከመንገድ የሚመጡት ሙታን እንዲጠጡ። አልጋውንም ማለዳ አንጥፈን ለቀቅንላቸው። አባባ ወንበር ስበው ባልዲው አጠገብ ተቀመጡና እናትህን ያነጋግሯት ጀመር።

"ጁዲታ፣ ስሚኝ። በሚመጣው ዓመት እዚህ እንዳትመጪ። ሌላ ሰው ታገኛለሽ፣ ታስደነግጫቸዋለሽ። ኦልሞ ነው የምንሆነው። ወንዙን ይዘሽ ትመጪና ድልድዩን ሳትሻገሪ ወደ ግራ። ቤቱን እኔም አላየሁትም፣ ዲርቼ ናት ያየችው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "መስኮቱ በየት በኩል ነው?"

"በምሥራቅ" አልኳቸው።

"በምሥራቅ ነው" አሏት። "ትንሽ ነው አሉ፣ ጎንበስ በዪ።"

እንግዲህ ገባህ። ለቅዱስ ማርቲን ጓዝ የምናነሳው እኛ ነን።

ሲኞር ቦልዶሪ የዚያን ቀን ስለ አየሩ አላወራም። "ዲርቼ፣ ቤቱ የአላቢ ቤት ነው፤ አላቢው ከሌለ..." ብሎ ጀመረና ንግግሩንም እንደ ወይኑ ሳይጨርስ ተወው። ክፉ ሰው ነው አልልም። ሰማንያ ላም ማንን ጠብቆ ሳይታለብ ያድራል።

ደጅ ደጁን ዞርኩ። በየእርሻው "ባልሽስ?" ይሉኛል። ታሟል ስል በሩን ቀስ አድርገው ይዘጉታል፤ ቀስ ማለታቸው ይበልጥ ያመኛል። ኦልሞ ስደርስ ግን ደክሞኝ ነበርና ሌላ ነገር ተናገርኩ። የእርሻው ኃላፊ ቴሬንሲዮ የሚባል ባለ ትልቅ ሪዝ ነው። "አላቢ ትፈልጋለህ አሉ፤ እኔ ነኝ" አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ላሞቼ ሴት ለምደው አያውቁም" አለ።

"እነሱ ራሳቸው ምንድን ናቸው?" አልኩት።

ከኋላው የነበሩት ወንዶች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ባልዲ ሰጠኝና ከሁሉ የከፋችውን ላም አሳየኝ። እንዴት እንደሆነ አልነግርህም፣ ጉራ ይሆንብኛል። ይህን ብቻ ልበልህ፤ ስጨርስ ባልዲውን ከእጄ የተቀበለኝ ራሱ ነው፣ ተሸክሞም የሄደው ራሱ ነው። "ለቅዱስ ማርቲን ጋሪ እልክልሻለሁ" አለኝ።

ማን አስተማረሽ ትላለህ። አንተ ከሄድክ ጀምሮ የበረቱ ሰዎች ቦታህን እንዳይወስዱብን ብለው ወረፋህን እኔ እንድይዝ ፈቀዱልኝ፣ ለጌታው ሳይናገሩ። ያችን ባለ አንድ እግር በርጩማ ወገቤ ላይ አስሬ መጀመሪያ ስነሳ ኖርማ "እማዬ ጅራት አወጣች" ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ጣቶቼ ያበጡት በዚህ ነው እንጂ በብርድ አይደለም።

ደብቄህ ነበር፤ ሐኪሙ አይጨነቅ ስላለ ነው። አሁን ልትቆጣ ትችላለህ፣ ግን ቀስ ብለህ ተቆጣ፣ እንዳያስልህ።

ዲርቼ


ከተራራው፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1954

ዲርቼ፣

አልተቆጣሁም። ምን እንደሆንኩ ስሙን አላውቀውም። ደብዳቤሽን አንብቤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሮኮ ብዙ ጠበቀና፣

"ከቤት የሞተ ሰው አለ?" አለኝ።

"የለም። ሚስቴ አላቢ ሆነች።"

ጥቂት አሰበ። "ይሄ ሐዘን ነው ወይስ ደስታ?"

"ቆይ፣ እኔም እያሰብኩት ነው" አልኩት።

ቀኑን ሙሉ አሰብኩት። መጀመሪያ አፈርኩ፤ በኔ ሳንባ ምክንያት ቤት አጣችሁ ብዬ። ከዚያ ስለ ቴሬንሲዮ ሪዝ ሳስብ ሳቅ መጣብኝ፣ ሲስተሯ መጥታ ቴርሞሜትር አፌ ውስጥ ሰካችብኝ። ማታ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። አባቴም፣ እኔም፣ ወንድሞቼም ስንቀጠር ማንም "እስቲ አልብ" ብሎን አያውቅም። ወንድ ስለሆንን እንደምንችል ታመነልን። የከፋችዋን ላም ያመጡልሽ ለአንቺ ብቻ ነው፤ ባልዲውን ግን ተሸከሙልሽ። ለኔ ማንም ባልዲ ተሸክሞልኝ አያውቅም። ይህን ለሮኮ ስነግረው "እንግዲያው ደስታ ነው" አለ።

አሁን ስለ ጉዞው። ምድጃው መጨረሻ ይጫን፣ መጀመሪያ እሱ ይውረድ። ፍራሹን ከመሃል አድርጊው፣ ዙሪያውን በወንበሮቹ ያዢው። ጨውን ጋሪ ላይ እንዳታስቀምጪ፣ ጉያሽ ውስጥ ያዢው፣ ጭጋጉ ያቀልጠዋል። አባቴ ጋሪ ላይ ልቀመጥ አይልም፣ አትለምኚው። ጋሪውን ደግፎ ይሂድ፣ የሚገፋ ይመስለዋል። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ከፈረሱ ፊት ማን እንደሚሄድ ነው። በጭጋግ ቀን ሰው ከፊት ካልሄደ ፈረሱ ቦይ ውስጥ ይገባል። ያ ሥራ የኔ ነበር።

ለኔ አትስጊ። በረዶ ከጣለ ፖስታው ሊዘገይ ይችላል፣ እንደማይዘገይ ግን ተስፋ አለኝ።

አልቺዴሽ


ኦልሞ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1954

አልቺዴ፣

ገብተናል። አስቀድሜ የጻፍኩት ቀሪውን ልብህ ሳይመታ እንድታነበው ነው። አባባም፣ ኖርማም፣ ዶሮዎቹም ደህና ናቸው። መስታወቱ ተሰብሯል፣ እሱም ድሮውንም አይወደኝም ነበር።

ከፈረሱ ፊት የሄድኩት እኔ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከኦልሞ የተላከው ጋሪ ነጂ ጋውዴንሲዮ ይባላል፣ ሽማግሌ ነው፣ ፈሪም ነው። ዕቃው ተጭኖ ካለቀ በኋላ "እመቤት፣ የፈረሴ ጆሮ አይታየኝም፣ እስኪገልጥ እንቆይ" አለ። ልክ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጭጋግ እኔም አይቼ አላውቅም። ግን ከግቢው በር ውጭ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ወደ እኛ ቤት የሚገቡት ሰዎች ደርሰው ጋሪያቸው ላይ ሆነው እስክንወጣ ይጠብቃሉ። እነሱ አይታዩም፣ ልቅሶው ብቻ ነው ያለው። የሰው ልጅ ውጭ እያለቀሰ እኔ ውስጥ ተቀምጬ አየር አልጠብቅም።

አባባ ቤቱን ጠርገው ነበር። ምድጃው መጫን ስላለበት በጡቡ እሳት መሞቂያ ላይ ለዚያች እናት ግንድ አያያዝኩላት። ከዚያ ትልቁን የሠርግ አንሶላ ከጥቅሉ ስቤ ትከሻዬ ላይ አሰርኩት፣ ጀርባዬን ሸፍኖ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ወረደ። ጋውዴንሲዮን "ይህን ነጭ ነገር ተከተል" አልኩት።

"ሙሽራ ትመስያለሽ" አለኝ።

"ሙሽራ ሳለሁም መንገዱ ጭቃ ነበር" አልኩት።

መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደነበር ብታይ። ማለቴ ብትሰማ። የአገሩ ግማሽ ጓዙን ጭኖ በጭጋጉ ውስጥ ይንገዳገዳል። መንኮራኩር ሲጮህ ትሰማለህ፣ ከዚያ ድምፅ ይመጣል። "ከየት?" "ከቦስኬቶ።" "ወዴት?" "ኦልሞ።" "ምድጃችሁ ይሙቅ።" ያልታየ ሰው ይህን ብሎህ ያልፋል። እኛም ለማናየው ሰው እንላለን። አባባ ጋሪውን ይዘው እየሄዱ ለሁሉም ይመልሱ ነበር፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዞር ብል ከኋላችን ሌሎች ጋሪዎች ተሰልፈዋል፤ ነጩን አይተው ነው የተከተሉን። አንዱ ሰውዬማ መታጠፊያውን ካለፈ ቆይቷል።

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?" አልኩት።

"ነጭ ነገር ሳይ ደስ አለኝ፣ ዝም ብዬ መጣሁ" አለ።

ቤቱ ጨለማ ነው፣ መስኮቱ እንዳልኩህ ትንሽ ነው። በሩን ስከፍት ግን ሞቅ አለኝ። የለቀቀችው ሴት እሳት ትታ ሄዳለች፤ ረመጡ ውስጥ ዱባ ቀብራ ትታልናለች። ስሟን አላውቅም፣ ወዴት እንደሄደችም አላውቅም። ዱባውን ስንበላ ኖርማ "ማናት?" አለች። አልቺዴ፣ ይህን ወር ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖሬያለሁ፤ ከንግዲህ ሲረግሙት ብሰማ የምከራከርለት ይመስለኛል። እርስ በርሳቸው የማይተያዩ ሰዎች እንዲህ ሲተሳሰቡ በሌላ ወር አላየሁም።

ጥያቄ አለኝ፣ ቶሎ መልስልኝ። ያች የከፋችው ላም የኔ ሆናለች፣ ትራገጣለች፣ እግሯን ልሰር? ሁለተኛ፣ የአባባ የወይን መግረዣ ቢላዋ የት ነው የተቀመጠው፣ እየፈለጉት ነው። ሦስተኛ፣ የአንተን ካፖርት በር ጀርባ ልስቀለው ወይስ ሣጥን ውስጥ ላስቀምጠው?

ዲርቼ


ከተራራው፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1954

ውድ ዲርቼ፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ እጅግ ደህና ነኝ። ዛሬ ፀሐይዋ የሜይን ፀሐይ ትመስላለች፣ ቀኑን ሙሉ ሰገነቱ ላይ ነበርኩ። ምሳ ሾርባና ዓሣ በላን። ሳሉም ቀንሷል። ሮኮ ሰላም ብሎሻል። ለቼዚራና ለግቢው ሰው ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢ። እንጨቱን ከበረቱ ጣሪያ ስር አስገቢው፣ እርጥበት እንዳያገኘው። ኖርማን ሳሚልኝ። እዚህ ምንም አዲስ ነገር የለም።

ያንቺው አልቺዴ


ኦልሞ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1954

አልቺዴ፣

ሁለት ደብዳቤ ደርሶኛል፣ በጥቂት ቀን ልዩነት። ያማሩ ናቸው። አንዱም ግን ለኔ የተጻፈ አይደለም።

ፀሐይዋ የሜይን ትመስላለች ትለኛለህ። በዚያው ቀን ትንባሆ መሸጫው ውስጥ ሬዲዮው እዚያ ተራራ ላይ በረዶ መንገድ ዘጋ ሲል ሰው ሁሉ ሰምቷል። ለቼዚራ ሰላም በዪ ትለኛለህ፤ ቼዚራ ቦስኬቶ ናት፣ እኔ ኦልሞ ነኝ። ፖስታው ላይ ቦስኬቶ ተሰርዞ ኦልሞ ተጽፏል፣ የሰረዘው እጅ ያንተ ነው፤ ውስጡ ግን ከቦስኬቶ አልወጣም። የጠየቅኩህን አንዱንም አልመለስክልኝም። አንተ የሰው ጥያቄ ዘለህ አታውቅም። የዶሮ ጥያቄ እንኳ የምትመልስ ሰው ነህ።

አስቀድመህ ጽፈህ ለሮኮ ሰጥተህ የሄድክ መሰለኝ። ወዴት እንደሄድክ ነው የማላውቀው።

ሐሙስ ከትንባሆ መሸጫው ስልክ ደወልኩ። አንዲት ሲስተር አነሳች። "ማረፍ አለበት" አለችኝ።

"ከምኑ ነው የሚያርፈው?" አልኳት።

"እመቤቴ፣ እሱ ራሱ ይንገርዎት። መተንፈሱን ግን እኔ ልንገርዎት፣ ይተነፍሳል" አለችኝ።

ተመልሼ በረት ገባሁ። ማልቀስ አልቻልኩም፣ ላም አጠገቧ ሰው ሲያለቅስ ወተቷን ትይዛለች። አሁን እዚህ ነው የማለቅሰው፣ ወረቀቱ ስለረጠበ ይቅርታ።

አልቆጣህም። እንዴትስ ብዬ፤ እኔም ስለ አየሩ ነበር ያወራሁህ። ግን ከንግዲህ ይብቃን። መጻፍ ካልቻልክ ሮኮ ይጻፍ። ምን አደረጉህ? አንድ መስመር ትበቃኛለች፣ እውነት ትሁን ብቻ።

ዲርቼ


ከተራራው፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1954

ዲርቼዬ፣

በእርሳስ ስለጻፍኩ፣ መስመሩም ስለተንጋደደ ይቅር በዪኝ። በጀርባዬ ተኝቼ ነው። አሁን የማን ጽሑፍ ነው ዶሮ የተራመደበት?

ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ፕሮፌሰሩ በኦክቶበር ጠርቶኝ ስለ አየሩ አላወራም። "የግራ ሳንባህ እንዲያርፍ የጎን አጥንቶችህን ማውጣት አለብኝ" አለኝ። ቀኑ የቅዱስ ማርቲን ዋዜማ ሆነ። ደብዳቤዎቹን ጽፌ ያሸግኋቸው ጓዝ እንደምታነሱ ሳላውቅ ነው፤ በኋላ ማድረግ የቻልኩት አድራሻውን መሰረዝ ብቻ ነበር። ሮኮ "ሴትዮዋ ትነቃብሃለች" ብሎኝ ነበር። አሁን ሲያየኝ ይስቃል፤ እኔ ግን መሳቅ አልችልም፣ ጎኔን ያመኛል።

ስለዚያ ቀን አልጽፍልሽም። አልፏል። የነቃሁት በማግስቱ ነው፣ መስኮቱ በበረዶ ነጭ ሆኗል። ገና ሙሉ ለሙሉ ሳልነቃ ቤት ያለሁ መሰለኝ። አንቺ የዚያን ጊዜ አንሶላ ለብሰሽ መንገድ ላይ ነበርሽ፤ ይህን ያወቅኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብዳቤሽን ሲያነቡልኝ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዝም ብለው ሰሙ። የመታጠፊያውን ሰውዬ ሲሰሙ አንድ የባንክ ሠራተኛ "እኔም ብሆን እከተላት ነበር" አለ። ሌላው ደግሞ ድጋሚ ይነበብ አለ። ዲርቼ፣ እዚህ ሰው ስለ ሚስቱ ብዙ ያወራል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማውራት አላስፈለገኝም።

ትከሻዬ በግራ በኩል ወርዷል። ከንግዲህ ማለብ እንደማልችል ነግረውኛል። እነሱ ያሉት መጥፎ ዜና መስሏቸው ቀስ ብለው ነው። "ቤታችን አላቢ አለ" አልኳቸው።

አሁን ጥያቄዎችሽ። ላሟን እግሯን አትሰሪ፣ ትጠላሻለች። ግንባርሽን ጎኗ ላይ አስጠጊና ከማለብሽ በፊት አውሪያት፤ የምታወሪው ምንም ይሁን። ቢላዋው ከአባቴ የእሑድ ጫማ ውስጥ ነው፣ የደበቀው ራሱ ነው፣ እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪው። ካፖርቱን በር ጀርባ ስቀዪው።

አልቺዴ


ኦልሞ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1955

አልቺዴ ሆዴ፣

ዘንድሮስ ያስቀሯችሁ ይሆን ብለህ ለጠየቅከው መልስ አለኝ። ትናንት ቴሬንሲዮ በረት መጥቶ ኋላዬ ቆመ። ሲቆም አልወድም።

"ለቅዱስ ማርቲን ጋሪ ትፈልጊያለሽ?" አለኝ።

እጄ ቀጥ አለ። "ለምን?" አልኩት።

"ካልፈለግሽ ለሌላ ሰው ልስጠው ብዬ ነዋ" ብሎ ሄደ።

ሰውየው የምሥራች ሲናገርም የሚያባርር ይመስላል። ባጭሩ እንቆያለን ማለት ነው። ለአባባ ስነግራቸው "አሁን ገና ሚስማር እመታለሁ" አሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ከቦስኬቶ ያመጡትን ስዕል ግድግዳ ላይ ሳይሰቅሉት መሬት አስደግፈውት ነበር።

ጭጋጉ ከትናንት በስቲያ ገባ። ኖርማ አሁን ሳትዘፍን ነው የምትሄደው፣ ትልቅ ሆኛለሁ ትላለች። እኔ ግን በሩ ላይ መቆሜን አልተውኩም።

መቼ እንደሚለቁህ አትጽፍልኝም፣ እኔም አልጠይቅም። ምግብ ብላ። አንገትህን ጠቅልል።

ዲርቼ


ኦልሞ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1955

ዲርቼ፣

መጥቻለሁ።

ቀኑን ያልነገርኩሽ ጣቢያ መጥተሽ ብርድ እንዳይመታሽ ነው ልል አስቤ ነበር። እውነቱ ግን ሳታውቂ ላይሽ ፈልጌ ነው።

ባቡሩ ከፀሐዩ ወርዶ ነጩ ውስጥ ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ ተነፈሰ። አንዲት ሴት ኮሌታዋን እየዘጋች "ይኸው፣ ገባንበት" አለች። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ሳብኩት። "ሳንባህን ያምሃል" አለችኝ። "ሳንባዬ የዚህ አገር ነው" አልኳት። ከጣቢያ በእግሬ መጣሁ። መንገድ ላይ የማላያቸው ሰዎች ሰላም አሉኝ፣ ስሜን ነገርኳቸው። አንዱ "የዲርቼ ባል?" አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም፣ እስከ ግቢው በር ሸኘኝ።

አባቴ ምድጃው አጠገብ ተኝቷል። አልቀሰቀስኩትም። ወደ በረቱ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ከመጨረሻው ነበርሽ፣ ግንባርሽ ላሟ ጎን ላይ ነበር፣ የሆነ ነገር ታወሪያታለሽ። አልሰማሁትም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኩ ሰው ነኝ፣ የማየውን አውቃለሁ። እጅሽ አይጣደፍም። ላሟ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አንዱ አላቢ መጥቶ "ማንን ፈልገህ ነው?" አለኝ። "ማንንም" አልኩት። "ታዲያ ምን ታያለህ?" አለ። ዓይኔን ካንቺ ሳላነሳ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ሰውየው ደግ ነው፣ ትቶኝ ሄደ።

ተመልሼ ውሃ ጣድኩ፣ የበቆሎ ዱቄቱን አገኘሁት፣ በቀኝ እጄ ገንፎ እያማሰልኩ ነው፤ ግራው ገና አይታዘዘኝም። መሐል ላይ አባቴ ነቃ፣ አየኝ። "ዘገየህ" አለኝና ተመልሶ ተኛ።

ከአንድ ዓመት በላይ በወረቀት ነው የተነጋገርነው። ባቡር ላይ የምልሽን ሁሉ አሰናድቼ ነበር፤ በሩን ስትከፍቺ ግን እንደሚጠፋብኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን ጻፍኩት፣ በእጅሽ እሰጥሻለሁ። እንደከሳሁ አትንገሪኝ። ትከሻዬንም አሁን አትዪው። ገንፎው ደርሷል።

አንብበሽ ስትጨርሺ ቀና በዪ።

አልቺዴ